የዱካሞ ቋጠሮ

እሁድ ማለዳ ነው፣ አሞራ ገደል ላይ፤
ወንድሜ ሌዳሞ ጠራኝ ጉድ ሊያሳይ።
ከሐይቁ ወለል ስር ጎትቶ ያወጣው
ጭቃ የለበሰ አሮጌ መረብ ነው።
ሁለት ቆሮሶዎች ይፈራገጣሉ፤
የአምባዛ አጥንቶች ከስራቸው አሉ።
«የማን ነው?» አልኩት።
አልመለሰልኝም፤ ጫፉን ገለበጠ፣
በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭቃውን ፋቀና
አንድ ቋጠሮ ላይ ዓይኔን አስቀመጠ።

ሁለቴ የዞረ፣ በራሱ ስር ያለፈ፣
ጅራቱ በላይተር ቀልጦ የተለጠፈ።
በዚህ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከታቦር እስከ ጥቁር ውሃ፣
እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ነበረ፤
ቱላ ከተቀበረ
ስድስት ዓመቱ ነው።

አባቴ በልጅነቱ የሚያውቀው ገመድ ቃጫ ነበረ፣
ከእንሰት ተፍቆ ጭን ላይ የተከረረ።
ቃጫ ባለዕዳ ነው፣ አይክድም፤
መሬት «አምጣ» ስትለው ክረምት አያሳልፍም፤
ይከፍላል፣ ይበሰብሳል፣
ዓመት ጠብቆ ሌላ ያስፈትላል።

ናይለን የመጣ ቀን ግን አባቴ ሳቀ፤
ነከሰው፣ ሳበው፣ ውሃ ውስጥ ነከረው፤
ክሩ ለጠጥ ብሎ ተመለሰ እንጂ አልተላቀቀ፤
«ይሄ ክር ሞት አያውቅም» አለ፤
እንደ ምርቃት ነው የተናገረው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህርት ፀዳለ
ሜዳ ላይ አሰለፈችን።
«እያንዳንዳችሁ ሞለኪውል ናችሁ፤ ሁለት እጅ አላችሁ፤
ተያያዙ!» ተያያዝን፤
አርባ ሁለት ነበርን፣ እስከ ሽንት ቤቱ ደረስን።
«ናይለን እንዲህ ነው፤ ሺህ ጊዜ የተያያዘ እጅ፤
እጅ ከእጅ በተገጠመ ቁጥር ትንሽ ውሃ ጠብ ይላል እንጂ
ሌላ ምሥጢር የለውም።»
የቡሪሶ መዳፍ በላብ ርሶ ስለነበር ሳቅን።
«ቃጫስ?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ቃጫም ያው ሰንሰለት ነው፣ ስኳር የስኳርን እጅ የያዘበት።
ግን ቁልፉ አፈር ዘንድ አለ፣ ቀስ ብላ ትፈታዋለች፤
የናይለንን ቁልፍ ገና አልቀረጸችም።»

ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፖሊስተር ሸሚዝ እሰፋለሁ፤
ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ ለማላውቀው አንገት፤
ይሄም የዚያው ክር ዘመድ ነው፣ እላለሁ፣
እንደ ሻማ ሲቀልጥ ካውያ ሲበዛበት።

እና ያ መረብ፣
አባቴ አፈር ውስጥ እጁን ሲመልስ፣ ዕዳውን ሲከፍል፣
እሱ በጨለማ፣ ማዕበል በጣለው ቦታ፣ ላንድም ሰው ሳያካፍል
ሲያጠምድ ነበር፤
ሲይዝ፣ ሲገድል፣ ዓሣው ሲበሰብስ፣ እንደገና ሲይዝ፤
«በቃህ» የሚለው ጌታ የለው፣ «ና ውጣ» ብሎ የሚያዝ።

ሌዳሞ ቢላዋውን አወጣ፤ መልሶ ከተተው።
«ደህና ነው እኮ» አለ፣ «አጥበን እንሥራበት?»
ቋጠሮውን ልፈታ በጥፍሬ ታገልኩት፣
በጥርሴም ሞከርኩት፤
የጭቃ ጣዕም ብቻ ቀረኝ።

ቆሮሶዎቹን ለሾርባ ሻጯ ሸጥናቸው።
ብሩን ለእናቴ ወሰድንላት።
«ከማን ነው?» አለች፣ እየቆጠረችው።
ሌዳሞ ጣሪያውን አየ፤
እኔ ነገርኳት።
እጇ ቆመ።
ቆይታ፣ ከአንድ ጀምራ
እንደገና ቆጠረችው።