የፈንታነሽ ፈንታ

ከመራዊ በታች ቆጋ ሲለቀቅ፣
የማንም ማሳ ጥም ከእኔ አይደበቅ።
የውሃ አባት ይሉኛል፤ ሰዓት ቆራጭ ነኝ፤
በባትሪ፣ በአካፋ ሌሊት የሚያገኙኝ።
ለአለቃ ዘውዱ ስንዴ እስከ እኩለ ሌት፣
ለደብሪቱ ሽንኩርት እስከ ዶሮ ጩኸት።
እሷ የቦዩ ጫፍ ናት፤ ሁልጊዜ ትከሰኛለች፤
«የተለቀቀው ሌላ፣ የደረሰኝ ሌላ» ትላለች።
እኔም ዳስሼ እሄዳለሁ ሲሚንቶውን በጣቴ፤
ስንጥቁን አገኘዋለሁ፤ ይኸ ነው ዕውቀቴ።

ፈንታነሽን ግን፣
የገዛ ልጄን፣
የት ላይ እንደምትፈስ ማግኘት አቃተኝ።

በሁለት ዓመቷ ሮጣ ነበር በር የምትከፍት፤
በሦስት ግድግዳ ይዛ ሄደች፤ በአራት
ግድግዳውም ተዋት።
ማንኪያ ከእጇ ወደቀ፤ ቃል ከአፏ ወደቀ፤
«አባ» የሚለው ብቻ እስከ ጥቅምት ዘለቀ።

ሰው መቼም ይናገራል፤ «ያያት ዓይን አለ»፣
«የማንጠግቦሽ ዘር ነው»፣ «የሱ ነው» ተባለ።
እናቴ ወዲያ ቆጠረች፣ አማቴ ወዲህ፣
እስከ ሰባት ቤት ድረስ፤ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ።
ጠበልም ወስደናታል፤ አልክድም።
መሪጌታ ልሳኑ ናቸው «ሐኪሙም የእሱ ፍጥረት ነው» ያሉኝ፤
ለመሳፈሪያ ሁለት መቶ ብር ጨምረው ሸኙኝ።

ባሕር ዳር። የጭንቅላቷ ፎቶ መብራት ላይ ተሰቀለ።
ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፤
«ይኸ ነጩ የአንጎል ክፍል፣ መልእክት ማመላለሻ፣
ሽፋኑ እየሟሸሸ ነው ከዚህ እስከ መጨረሻ።»
ቃሉን አላውቀውም፤ ቦይ ግን አውቃለሁ።
ከግድቡማ ውሃው ሞልቶ ነው የሚነሣ፤
መንገድ ላይ ነው የሚሰርግ፤ እግሯ የቦይ ጫፍ ማሳ።
«ሲሚንቶ የለውም?» አልኳት። መነጽሯን ወለወለች፤
«እኛ ዘንድ እስካሁን የለም። አያያዝ ግን አለ» አለች።

በወረቀት ጀርባ አራት ክብ ሠራች፣
«ከሱም ከሷም ግማሽ» ብላ እያጠቆረች፤
«ግማሹ ብቻውን ማንንም አይነካ፤
ሁለት ግማሽ ሲገጥም ነው።» ሰባት ቤት ለካ
ይኸን አይቆጥርም።
ማንጠግቦሽ እጄን ያዘች፤ እስከ መራዊ አለቀቀችም።

ይበልጣል በመኪናው ውስጥ ትዝ አለኝ፣ በኩሩ፤
«ሰነፍ፣ ተነሥ፣ ሂድ» ያልኩት፣ ሲጠማዘዝ እግሩ።
ሕመሙ ስም ሳይኖረው ቀበርነው።
ፈንታነሽ በእሱ ፈንታ የመጣች ናት።

አሁን ተራ አውጥተናል፣ እኔና እናቷ፤
በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል ጎኗ።
እስከ እኩለ ሌት እሷ፤ እስከ ዶሮ ጩኸት እኔ፤
ቆዳዋ እንዳይላጥ በትራስ፣ በነጠላ፣ በክንዴ።
አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ቀጭኑ ትን ይላታል፤
ቀና አድርጎ፣ አገጯን ይዞ፤ መቸኮል ይጎዳታል።
ጅማቷ ሲገተር አትጎትተው፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ይበቃል፤
እንደ ዛገ የውሃ በር ነው፤ ብትታገለው ይጠብቃል።

ጎረቤት «አትሰማም» ይላል። ይምጣና ይይ እንጂ፣
እህቷ ውብዓለም የክፍል ልጆችን ስታማላት ደጅ!
ሁለቴ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ «ጨምሪ» ነው ትርጉሙ።
አንዴ ከሆነ ውሃ ነው። ከረዘመ ሕመሙ።

ትናንት እኩለ ሌት ደብሪቱ በር አንኳኳች።
ክስ ነው ብዬ አካፋዬን አነሣሁ።
«ተወው፤ ሽንኩርቱ ይደር። የዛሬን ፈንታ እኔ ልያዝ፤
እናንተ ተኙ።» የትራሱን ቦታ አሳየኋት፣ ጎኗም እንዴት እንደሚያዝ፤
የዓይኗንም ቋንቋ ነገርኳት።

አልተኛሁም። በግድግዳው በኩል ሰማሁ፣ ስታወራላት፦
ባሏ በቅሎ ሲገዛ እንደተታለለ፣
ዋግ የበላው ስንዴ፣ አንዲት ዶሮ... ከዚያ ዝም አለች።
ጨለማ ነው። ልጄን አላየኋትም።
«እሺ፣ እሺ» ስትል ግን ሰማሁ፤ «እጨምራለሁ።»