ቦረቦር ከአፉ አይሞላም

ሌሊት ስምንት ሰዓት፥ የጦሳ ጉም መጥቶ፥
መስኮቱ ላይ ቆሟል፥ እንደ ፋሻ ነጥቶ።
በየሁለት ሰዓት፥ አዙሩ ተብለናል፤
እንቅልፍ ሲጠራንም፥ በሩን ዘግተንበታል።
እኔና ከድጃ፥ አንሶላውን ይዘን፥
ቆዳው እንዳይላጥ፥ ሳንጎትት አንስተን፥
ጋሽ ይመርን በጎን፥ ቀስ ብለን አስተኛን።
ከወገቡ በታች፥ ከጭራ አጥንቱ ጋ፥
ቡጢ የሚያስገባ፥ ጉድጓድ አለ፤ አልጋ
የቆፈረው።

ሲስተር ተዋበች ሰሌዳ ላይ ጽፋልን ነበር፦
ደም መርጋት፥ ማበጥ፥ መሙላት፥ መጠንከር።
አራቱንም ሸምድጄ ዘጠና አምጥቻለሁ፤
ሽታው ግን አልተጻፈም።

ፊቴን ሳዞር አየኝ፥ ጋሽ ይመር ሳቀብኝ፤
“ምነው ልጄ” አለኝ፥ “ገደል አየሽብኝ?
እኔን አያመኝም፤ አንቺን ነው የሚያምሽ።

ሐረጎን ጠግኛለሁ፥ ሠላሳ ክረምት፥
ድንጋይ በሽቦ አስሬ፥ ናዳ ስዘጋበት።
አንዴ አንድ መሐንዲስ ቸኮለና
‘ከላይ ድፈኑት’ አለን፤ ደፈንነው፤
አማረ፤ መኪና አለፈበት።
ሐምሌ ላይ ውሃው ከሥር ሲበላ ከርሞ
ከነአስፋልቱ ይዞት ወደ ቦርከና ወረደ።
ቦረቦር ከአፉ አይሞላም።
ከሆዱ ነው፥ ከታች፤
ሣሩም ከዳር ከዳር ተስቦ ነው የሚገናኘው።”

ለካ ሲስተር “አትጠቅጥቁት፥ ላላ አርጉት፥
አፉ እንዳይቀድም” የምትለን ለዚህ ኖሯል።

የጨው ውሃውን በመዳፌ አሙቄ አጠብኩት።
ባትሪውን ከድጃ ያዘችልኝ።
ከቢጫው ሥር፥ ከጉድጓዱ ወለል፥
ሦስት አራት ቀያይ ፍሬ፥ እንደ ማሽላ እሸት፤
ሲነኩት የሚደማ።
ደስ አለኝ፤ የሚደማው ነው የሚሽረው።

ኮመዲኖው ላይ እንቁላሉ እንደ ትናንቱ ሳይላጥ ተቀምጧል፤
ጠዋት ጠዋት ለጎረቤት አልጋ ልጅ ይሰጠዋል አሉ።
“ጋሽ ይመር፥ ድንጋይ ሳይቀርብ ጋቢዮን ይታሰራል?”
ዝም አለ።
አንዴ እንቁላሉን፥ አንዴ እኔን አየና
“ተይ፥ በሙያዬ መጣሽብኝ” ብሎ
ግማሹን በላ። ግማሹን ለልጁ አለ።

ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ጥልቀት ሦስት ከግማሽ።
ባለፈው ሳምንት አራት ነበር።

“ከሻረ በኋላስ፥ እንደ ድሮው ይሆናል?” አለች ከድጃ።
“ኧረ የት!” አለ፥ ዓይኑን ሳይገልጥ፤
“የተጠገነ መንገድ ነው። ‘ቀስ ብለህ ንዳ’
ብላችሁ ጻፉበት።”

አሥር ሰዓት ሆነ። በግራው አዞርነው።