የኬላው ትኬት

ላዋቂ ሃያ ብር፣ ለሕፃን ዐሥር ብር፣
ሙሽራ ከመጣ በካሜራው ቁጥር።
ከአዲስ ዓለም በታች፣ ቀሃ ዳር፣ ባንድ ቤት
ከቆርቆሮ ጣራ ሥር እቆርጣለሁ ትኬት።

ቦዩ ሰፊ አይደለም፣ ስምንት ክንድ ቢሆን፤
የፕላስቲክ ዳክዬ አዝሎ ሁለት ፍቅረኞችን
ፔዳል እየመቱት፣ እየተንገዳገደ፣
እስከ ድልድዩ ደርሶ ተመልሶ ሄደ።

እዚሁ ነው አሉ፣ ይኸው ከዚህ ድንጋይ፣
ቅድመ አያቴ ባይለየኝ፣ ቀረጥ ተቀባይ፣
ዘንጉን ተደግፎ ሲራራ የሚያቆመው፣
ጨው ቢሉት፣ ዝባድ ቢሉት፣ ሳያይ የማያምነው።
አሞሌውን በጥፍሩ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤
ካሥር አንዱን ወስዶ ዘጠኙን ይለቃል።
የተከዜን አሸዋ ከዚህ ቦይ አራግፎ
ነጋዴ ገበያ ይገባል እግሩ አርፎ።

አንድ ጊዜ ታዲያ፣ ኅዳር ነው ይላሉ፣
(እነ ኑርዬ ቤት ሚያዝያ ነው ሲሉ)
የኑርዬ በቅሎ አዳልጧት ወደቀች፤
ሙሉ ጭነት አሞሌ ለቦዩ ሰጠች።
ኑርዬ ዘሎ ገባ፣ ጥምጣሙን ሳይፈታ፤
የዘገነው ሁሉ ውሃ ሆነ ባንዳፍታ።

ባይለየኝ ጎንበስ አለ። በጣቱ ቀመሰ።
ከዚህ በኋላ ነው ታሪክ የተገመሰ።

የኛ ቤት «ምሮታል፤ ‹የሟሟ አይቀረጥም›
ብሎ አሰናበተው፣ አንዲትም አልወሰደም።»
የነሱ ቤት «የለም! ‹ጨውህ አገር ገብቷል፣
ቀምሼዋለሁ፣ ክፈል› ብሎ በቅሎዋን ነድቷል።»

ትናንትና፣ እሑድ፣ ሙሐባ መጣች፤
ያው የኑርዬ ዘር። ሦስት ልጅ አስከተለች፣
ሙዝ በጥቁር ፌስታል፣ ፊኛ በክር አስራ።
አየችኝ፤ አየኋት፤ ማን ቀድሞ ያውራ?

«ስንት ነው?» አለችኝ፣ እንደማታውቅ ሁሉ።
ልጆቹ «ዳክዬው ሄደ!» ብለው ይጮኻሉ።

አንድ ትኬት ቀደድሁ። የሷን። ሦስቱን ተውሁ።
ምሬም አይደል፤ ዕዳም ከፍዬ አይደል።
እንጃ።
ዝም አልሁ።

ማታ ሒሳብ ሲቆጠር ሠላሳ ብር ጎደለ።
ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ «የት አለ?»
በመስኮቱ አሻግሬ ቦዩን አየሁትና፣
ዳክዬዎቹ ታስረው ይላተማሉ ገና፣
«ጨው ነበረ፤ ሟሟ» ልለው አሰብሁና
ከኪሴ ሰጠሁት።
ቆጠረው እንደገና።