ውሃ ወቃጩ

ከቶልሚን በላይ ነው፣ አውቶቡስ ደክሞት ከሚዞርበት፣
አሥራ አንድ ጣራ፣ ጭስ የሚወጣው ከሰባቱ ቤት።
በዚያ ዓመት ጥር ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሳይቆም ቀዘቀዘ፤
ቅርንጫፉን ሁሉ፣ ሽቦውን ጭምር፣ በብርጭቆ ያዘ።
ሌሊቱን ጫካው ሲሰበር፣ እንደ ጥይት ሲጮህ ተሰማ፤
ሲነጋ ምሰሶው በጉልበቱ ወድቋል፣ ከኛ እስከ ከተማ።

በኛ ቋንቋ መብራት ሰው ነው፤ «ሄደ» ይባላል፣ «መጣ» ይባላል፤
የት እንደሚያድር ማንም አይጠይቅም፣ ሻማ ይፈለጋል።

ሎይዜ ግን ጠየቀ።

ሰባ አራት ዓመቱ፣ ግንበኛ ነበረ፣ ግራ ጆሮው የደነቆረ፤
በዘጠነኛው የጨለማ ቀን፣ ባልዲና ሰዓት ይዞ፣ እንደ እህል፣ ጅረት መስፈር ጀመረ።
ባልዲው በሁለት ሴኮንድ ሞላ፤ በእርሳስ ጻፈው ከበሩ ጀርባ፤
ከላይኛው ኩሬ እስከ ጓሮ ድረስ ቁልቁለቱ ሜትር አርባ።
«ይበቃል» አለ።
እኔ፣ የላይኛው ክፍል ተከራይ፣ ያገሬን ተረት ከምላሴ ዋጥሁት፤
«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ»፤ ለሽማግሌ ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉምለት?

ውሃ ይገፋ የነበረ ፓምፕ አገኘ፣ ከተዘጋ የወተት ቤት፤
ፊቱን አዞረና «እስከ ዛሬ ገፍተሃል፣ አሁን ደግሞ ተገፋ» አለው፣ እንደ ሰው ተቆጥቶት።
ጥቁሩን ቱቦ በትከሻችን አወጣን፣ በረዶው እስከ ጉልበት።
ሁለቴ ገጠምነው፣ ሁለቴ ፈነዳ፤ ሎይዜ በሁለት ቋንቋ ተሳደበ፤
የጣልያንኛው ከፋ። ጅረቱ ግን አልሰማም፣ ልብሳችን ላይ ዘነበ።

ሐሙስ ማታ ቫልቩን ከፈተው። ሩብ ዙር። ደግሞ ሩብ።
ማሽኑ አጉረመረመ፤ የወጥ ቤቱ አምፖል እንዳፈረ ልጅ ቀላ፤
ኋላም ፈካ፣ ቀስ እያለ፣ ቢጫ፣ ልክ እንደ ወለላ።
ዞፍካ ከማዶ መስኮቷን ከፍታ አየች፣ ምንም አልተናገረች፤
በማግስቱ ረጅም ሽቦ ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

አንድ ኪሎዋት ለሁለት ቤት፤ ማንቆርቆሪያ የሚጣደው በተራ ነው፤
«ዞፍካ፣ ሻይሽ አጨለመን!» ሎይዜ ነው በመስኮት የሚጮኸው።
ከአውራጃው የመጣ ሹም «ፈቃዱስ የት አለ?» አለ፤
ሎይዜ የፕሪም አረቄ ቀዳለት፤ በሦስተኛው፣ ማኅተሙ ከቦርሳው ተንከባለለ።
ሚያዝያ ላይ ምሰሶው ቆመ፣ ዋናው መስመር መጣ፤
«እንግዳ ነው፣ ነገ ይሄዳል» አለ ሎይዜ፤ ቱቦው ከቦታው አልወጣ።

የኔ ሥራ ቅጠል ነበር።
በጥቅምት ሌሊት መብራት ሲደክም፣ ካፖርት ደርቤ እወጣለሁ፤
ወንፊቱን የዘጋውን ቅጠል በእፍኜ እዝቃለሁ።
ጣቴ ደንዝዞ ቁልቁል ሳይ፣ መስኮታችን መልሶ ይበራል፤
ሰው የገዛ ብርሃኑን እንዲህ በእጁ ይነካል?

በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ፣ ጅረቱ ቀጠነ እንደ ክር፤
ከመግቢያው በታች፣ በቀረችው ኩሬ፣ ሦስት ዓሣ አየሁ፣ ጀርባቸው ከውሃ በላይ ሲቀር።
ነገርኩት። ዝም ብሎ ሾርባውን ጨረሰ፣ ማንኪያውን ላሰ፤
ጫማውን ሳያስር ወጣና ቫልቩን እስከ መጨረሻው መለሰ።
አምፖሉ ቀላ። ጠፋ።
የዋናው መስመር ማብሪያ ከጎናችን ነበር፤ ያን ማታ የነካው የለም።
ከማዶ ዞፍካ «ሎይዜ! መብራት ሄደ!» አለች፤
«አልሄደም፣ ዓሣ ዘንድ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀች።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።
«ይሰማሃል?» አለኝ፣ ደህናውን ጆሮ ወደ ገደሉ አዘንብሎ፤
ሁለት ዓመት ከቱቦ ያደረ ድምፅ ከድንጋይ ድንጋይ ይሄዳል፣ ቀጥኖ፣ ኮለል ብሎ።

እኔም ሰማሁ።
እንቦጭ፣ ይላል። እንቦጭ።