መቶ ሃያ ቀን

ሰኞ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ሙርሺዳ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች፤ ጫማዋ ጭቃ ያንጠባጥባል።
ከዴዶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወርዳ፣
ቁርስ ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆዷ፣ ማልዳ።
«ዛሬ ስንት ነው?» ትለኛለች መርፌው ገና ሳይነካት።
«ቆይ እንጂ» እላለሁ። ብልቃጡ ሞላ፤ ጥጥ ሰጠኋት።

አሰልጣኝ ተማም ነው ያመጣው ይህን ሁሉ መውጣት መውረድ፦
ሌሊት ከፍታ ላይ ማደር፣ ቀን ለፍጥነት ጅማ መውረድ።
(ጅማም ዝቅ ያለች አይደለችም፤
ከባሕር ለመጣ ሰው እሷም ትንፋሽ አታስተርፍም።)

እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እንደታጠበ ሻሽ፤
የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ እንቅልፍ ከዓይኗ ሲሸሽ፣
እግሯ ተኝቶ ልቧ በጨለማ ሲሮጥ፣
ራስ ምታቱ ከግንባሯ ላይ አልነሳም ብሎ ሲቀመጥ።
የአከራይዋን ደረጃ ወጥታ ታለከልካለች፤
«ይሄ ነው የሚያጠነክረኝ?» ብላ ትስቃለች።

እኔ መርፌ ያዥ ነኝ፤ ሩጫ አላውቅም፣
ከአጂፕ እስከ መርካቶ እንኳ በእግሬ አልዘልቅም።
ይህን ግን አውቃለሁ፦ አየር ሲጎድል ኩላሊት ዝም አትልም።
መልእክት ትሰዳለች ወደ መቅኒ፦
«ታፈንኩ፣ ቀይ ሥሪልኝ፣ ፍጠኚ!»
መቅኒም እንደ ቀጥቃጭ ወናፏን ትነፋለች፣
ሌት ከቀን፣ ቀይ በቀይ ላይ ትቀጠቅጣለች።

በአራተኛው ሳምንት ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ቆመ።
አስራ ሁለት ነጥብ ስምንት የነበረው አስራ አራትን አለፈ፤
ተማም ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ አሳረፈ።

ከድጃ ግን፣ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራቻት፣
ቁጥሯ ንቅንቅ አላለም።
ያው ተራራ፣ ያው ሌሊት፣ ደሙ ለየቅል።
«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።
ሌላ ምርመራ አዘዝን፤ የብረት ጎተራዋ ተሟጦ ተገኘ።
ብረት የሌለው ቀጥቃጭ ወናፍ ቢነፋ ምን ሊያወጣ?
ተራራ ማዘዙን ያዝዛል፤ ብረቱን ከየት ያምጣ?
ኪኒን ተሰጣት፤ ጉበትና ጎመን ታዘዘላት፤
«ጉበት ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አለች። መልስ አልሰጠኋት።

ቅዳሜ ስታዲየም ሄድኩ፤ ሜዳው ሳር ሳር ይሸታል።
ሙርሺዳ ሦስተኛውን ዙር ስታልፈኝ
አፏ ተዘግቶ ነበር።
ሌሎቹ አየሩን ሲነክሱት፣ ሲያላምጡት፣
እሷ ከራሷ ጓዳ እንደምትቀዳ ሰው፣ ሳትቸኩል።
ሁለት ሰከንድ ተኩል ቀነሰች።
ስድስት ሳምንት፣ የስንት ሚኒባስ ሒሳብ፣ ሁለት ሰከንድ ተኩል!
ተማም ሰዓቱን ሦስቴ አየው።

«እስከ መቼ ይቆያል?» አለችኝ በማግስቱ ሰኞ።
የአንድ ቀይ ሕዋስ ዕድሜ መቶ ሃያ ቀን ገደማ ነው፤
ከወረድሽ ግን ሰውነት ቆጣቢ ነው፣
ትርፍ አያኖርም፤ ከዚያም ቀድሞ ይቀንሰዋል።
ጥቂት አሰበች። በጣቶቿ ቆጠረች።
«ውድድሩ በሃያ ቀን ነው፤ ይበቃኛል» አለች።

ስሟን ብልቃጡ ላይ ጻፍኩ፣ ቀኑንም ከሥሩ።
ቀና ስል ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች፣
እጅጌዋን እየሰበሰበች።