ግድፈት

ሰኞ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ የቡሬው አውቶብስ ሲቆም፣
ረዳቱ ስሜን ይጠራል፤ የአባቴን ስም ግን አያውቅም።
ከበርበሬ ጆንያ አጠገብ፣ ከወንበር ሥር ጎትቶ
ይሰጠኛል ያንተን ጥራዝ፣ ዳር ዳሩ ዝናብ ጠጥቶ።
በፍኖተ ሰላም አልፎ፣ በደምበጫ፣ በአማኑኤል፣
ይህን ሁሉ ይንገላታል፣ እኔ ጋ ለመድረስ ሲል።
እንዲህ ብዬ ነው የማስበው።
ለእርማት ነው የላክኸው።

«አንሙት» አለችህ እናትህ፣ ሁለት ቀብራ ስትወልድህ፤
እኔም ጸሎት ይሆንብኛል፣ ለብቻዬ ስጠራህ።

አንተ የሩቅ ሰው ታመጣለህ፣ በረዶ አገር የሞተ፤
በጎጃም አፍ ይናገራል፣ «ወየው ጉዴ» እያለ ባንተ።
ለማታውቃት ሴት ሐዘን፣ ሦስት ቀን ቃል ትመርጣለህ፤
ፊትህ ቆማ የምታይህን፣ «ደህና ነሽ?» ብለህ ታልፋለህ።

ባለፈው፣ ገጽ መቶ አርባ ላይ፣ ወታደሩ ሊሄድ ሲል፣
በባቡሩ መስኮት በኩል፣ ለልጅቱ አንድ ቃል ሊጥል፣
ክፍት ቦታ ትተህ ነበር፤ ከጎኑም በእርሳስ፦
«አትጠገብ፣ እዚህ ቃል ጠፋኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?
ባንድ ቃል ይሁን፣ እንዳይንዛዛ። ዕድሜ ይስጥሽ።»

እኔ ብሆን!
ማታውን መብራት ጠፋ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲያጓራ፣ ሻማው ራሱ እስኪያንቀላፋ፣
ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፤ ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፤ ወረቀቱ እስኪበሳ፤
ኋላ እጄ ያለ እኔ ፈቃድ፣ ካሥር ዓመት እንቅልፉ ተነሳ።
ስድስት ፊደል ብቻ፦ «እወድሃለሁ።»
አልደልዝም ብዬ ማልሁ።
ሲነጋ አውቶብስ ተራ ሄጄ፣ ለረዳቱ ሰጥቻለሁ።

ያን ሳምንት ውትርን ሞላ፤ ተማሪዎቼ ቀሩብኝ፤
ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ የግሥ እርባታ ጠፋብኝ።
«ወደደ፣ ወደደች፣ ወደዱ» ብዬ፣ «ወደድሁ» ላይ ድምፄ ታነቀ፤
የክፍል አለቃው ሳቀ።

ሰኞ መጣ። ጥራዝህም።
እዚያው ቆሜ ገለጥሁት፣ ከመናኸሪያው ጭቃ፤
ቀይ እስክሪብቶህ «ሃ»ዬን ከቦ፣ «ሻ» አድርጓታል፣ በቃ።
«ቃሉ ሸጋ ነው አትጠገብ! እንዲህ ቀላል፣ እንዲህ ቅን፤
አንዲት ግድፈት ብቻ አለች፦ ለሴት ነው የሚል፤ ‹ሻ› ይሁን።
መሽቶብሽ ነው መሰል።»

መሽቶብኝ ነው።
አዎ፣ አንሙት፣ መሽቶብኝ ነው።

ያ ገጽ አሁን እኔ ጋ ነው። «ዝናብ አበላሸው» አልሁህ፤
በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ሌላውን ላክሁልህ።
አምስቱ ፊደል የኔ ናቸው፣ ጥቁር፤ አንዷ ያንተ፣ ቀይ፤
ማታ ማታ ባንድ ላይ ሳነባቸው . . . አይ።

የቡሬው አውቶብስ ደርሷል፤ ረዳቱ ስሜን ይጠራል።
ምዕራፍ ሃያ አንድ።
ልጅቱ ዛሬ ትመልሳለች። ክፍት ቦታ ትተሃል።