አንቀጽ ሦስት

ሸዋ በር፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ደጃፍ፣
አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ፣ በካርቶን ድጋፍ፣
የሰው ስምምነት እጽፋለሁ፤ በገጽ ነው ሒሳቤ።
ውሉ የእኔ አይደለም፤ ፊደሉ ነው ቀለቤ።

ያን ቀን ረምዚ መጣ፣ ሐላዋ ሠሪው፣
ጣቱ ላይ ስኳር የደረቀበት ሰው፤
ሸምሲያም ከባቢሌ፣
በሻሿ ጥግ ቋጥራ ለማሳያ
አንድ እፍኝ ለውዝ።

«ከእኔ በቀር ለማንም አትሽጪ» አላት።
«እሺ» አለች።
«ስንት ኩንታል?» ብዬ ብዕሬን አቆምኩ።
«ይኼም ይጠየቃል? የሚያስፈልገኝን ያህል ነዋ!»
ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔም ለደንቡ ሳቅኩ።
አንቀጽ ሦስት፦ ሻጭ ምርቷን በሙሉ ለገዢ ብቻ፤
ገዢም የሚያስፈልገውን ያህል።
ሁለት አውራ ጣት፣ ሰማያዊ ቀለም፣
ምስክሮቹም ከሻይ ቤት ተጠርተው።

በሸዋል ዒድ ሰሞን አሥር ኩንታል አዘዘ።
በሚቀጥለው ወር ሦስት።
ከዚያ ስኳር ከገበያ ጠፋ፤
ረምዚ ድስቱን አጥቦ ደፋ።
የሚያስፈልገው፦ ዜሮ።
ዜሮም «ያህል» ነው። ማን ይከሰዋል?

የጅጅጋ ነጋዴ አይሱዙውን ደጇ አቆመ፤
እጁን ጆንያው ውስጥ ሰዶ ቀመሰ፣ ደገመ፤
ዋጋ ቆረጠላት፣ ረምዚ ከሚሰጣት በላይ።
«ቃል አለብኝ» አለችው፣ ዐይኑን ሳታይ።
መኪናው ሄደ። ያልታሰበ ዝናብ በቆርቆሮው ሽንቁር ገባ፤
ለውዙ በጆንያው ሻገተ፣ ከነገለባ።

በጥር መጣች፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ።
«አንብብልኝ።»
አነበብኩላት።
«እኔን ያሰረኝ የቱ ጋ ነው?»
ጣቴን «ብቻ» ላይ አኖርኩ።
«እሱንስ ያሰረው?»
ጣቴ በመስመሩ ሄደ፣ ሄደ፣
ማኅተሙን ተሻግሮ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ፣
ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ዝም አለች። ቀጥሎ፣ ቀስ ብላ፦
«ለእሱ ብቻ ነው ያልኩህ፤
አንተ ግን ብቻዬን አድርገህ ጻፍከኝ።»

የማንበቢያ ብላ አንድ ለውዝ ትታልኝ ሄደች።
ፈለጥኩት። በአንድ ገለባ ሁለት ፍሬ፤
አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ተጨማትሮ ቀርቷል።
ሁለቱንም በላኋቸው፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ካልነገሩኝ ብዕር አላነሣም።
«ስንት? ከስንት አያንስም? ካልወሰደስ?» እላለሁ።
ደንበኛ ይቆጣል፤ «ጸሐፊ ነህ ዳኛ?» ይለኛል፤
ተነሥቶ ማዶ ይሻገራል፣
ያቺ ጃንጥላ ሥር ወደተቀመጠው ልጅ፣
ፈጣን ነው፣ ምንም አይጠይቅም።